የአምባሳደሩ እግር

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሰፈሩ ግን አምባሳደሩ ይለዋል። ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም፤ ራሱ ሳይሆን አይቀርም። ደንበኛውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ ካሰረለት በኋላ ያ ሰው የትም መሄድ አይችልም፤ ወንድሜም የዓለምን ጉዳይ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። የትኛው አገር ከየትኛው ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን ማንን ሊያስታርቅ ይገባው እንደነበር፣ እሱ ቢጠየቅ ኖሮ ምን ይል እንደነበር። አንድ ጊዜ ሁለት ጎረቤት አገሮችን ለማስታረቅ ሲጣደፍ የአንዱን ነጋዴ ቅንድብ ግማሹን ላጨው። ሰውየው መስታወት አይቶ ሲጮህ ወንድሜ «ለሰላም ሲባል ነው» አለው ይባላል።

ስለ ልቡ ሕመም በሰፈሩ ያልሰማ የለም። ሁሉም የሰማው ግን ከራሱ አፍ ስለሆነ፣ ሁሉም የሰማው ውሸት ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። አዝዬ ያሳደግሁት እኔ፣ ሆስፒታል ይዤው የሄድኩትም እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እሱ ያላወራውን እጽፋለሁ። ትምህርቴ አጭር ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድ አንባቢ ይታገሠኝ፤ ነገሩ ራሱ አልተንጋደደም።

ከአባታችን ካልጀመርኩ አይገባም። አባባ ቤት ቀለም ቀቢ ነበር። እኔ ደብተሬን በጨርቅ ቦርሳ አንጠልጥዬ ትምህርት ቤት በምመላለስበት ዘመን ከመሰላል ወደቀ። ምንም አልተሰበረም። ሐኪሙ ጥቂት ቀን ይረፍ አለ። አባባ ማረፍ ጀመረና እስኪሞት ድረስ ሲያርፍ ኖረ። የብረት አልጋው ከጓዳ ወጥቶ የፊት ክፍሉ መስኮት ሥር ተዘረጋ። በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ እንዴት አደርክ ይለዋል፤ እሱም በረጅሙ ተንፍሶ «አለሁ፣ መኖር ከተባለ» ይላል። በእኛ ቤት ሕጉ እንዲህ ነው፤ የታመመ ወንድ የፊት ክፍሉን ይይዛል፣ ከዚያ ወዲያ የሚቃወመው የለም። ሴት ግን የምትታመመው አጥባና አብስላ ስትጨርስ ነው። እናታችን ገበያ ስለምትውል አባባን የሚያነሣና የሚያስተኛ ሰው አስፈለገ። እኔ ነበርኩ ታላቋ። «ለዘንድሮ ብቻ ትቅር፣ በሚቀጥለው ዓመት ትመለሳለች» ተባለ። ያ የሚቀጥለው ዓመት እስከ ዛሬ አልመጣም። የቀረኝ ትዝታ የአባባ የእግር ጥፍር ነው፤ ለብ ባለ ውሃ ካልተዘፈዘፈ መቀስ አይገባውም ነበር፣ ስቆርጠውም እየተፈናጠረ ፊቴን ይመታኝ ነበር።

ወንድሜ ያን ጊዜ ገና ይድህ ነበር። የአልጋውን እግር ይዞ ነው መቆም የተማረው። መቼም እሱን አልጋ አልከዳውም።

ልቡ መዝለል የጀመረው ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ነው። ደህና ሲመታ ይቆይና በድንገት አንዷን ይዘላል፣ ከዚያ ሰካራም በር ሲደበድብ እንደሚሰማው ዓይነት ይንጋጋል። ይህ እውነት ነው፤ ጆሮዬን ደረቱ ላይ አድርጌ ሰምቼዋለሁ። መድኃኒት ዋጠ፣ ለጊዜው በረድ አለለት፣ ተመልሶ ባሰበት። በመጨረሻ ትልቁ ሆስፒታል ላኩት። እዚያ ያሉት ሐኪሞች ነገሩን ቀለል አድርገው አስረዱን። በብሽሽቱ በኩል ቀጭን ሽቦ የደም ሥሩ ውስጥ ያስገባሉ፣ ሽቦው እስከ ልቡ ይዘልቃል፣ ምቱን የምታበላሸዋን ቦታ ፈልገው ያቃጥሏታል፣ ሽቦውን ይመዙታል፤ ያድርና በማግሥቱ ቤቱ ይገባል።

«ደረቴን አትከፍቱትም?» አላቸው።

አይከፈትም አሉት። ሲከፋው አየሁ። ሰው ደረቱ አይከፈትም ሲባል ይከፋዋል? እሱን ከፋው። ፀጉር ቤት ገብቶ ሸሚዙን ፈታ አድርጎ የሚያሳየው ጠባሳ በሐሳቡ አዘጋጅቶ ነበር። አሁን የቀረለት ብሽሽቱ ላይ ያለች የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነገር ናት፤ እሷን ደግሞ ለማን ያሳያል?

ያኔ በቤታችን ሌላ ነገር ተዘጋጅቶ ነበር። ሚጣ፣ አንድ ልጁ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተቀብሏት ነበር፤ ሌላ ከተማ ነው፣ በአውቶቡስ ውሎ የሚያስኬድ። ትንሽ ልጅ ሳለች ከልብስ ሳሙና ጥርስ ፈልፍላ፣ ከፊት የጎደለኝን ቦታ በክር ለክታ፣ «አክስቴ፣ እስቲ ሞክሪው» ብላኝ ታውቃለች። ሞከርኩት፣ ልክ ገባ፤ ሳወራ አረፋ ደፈቅሁ እንጂ። የተቀበሏት ሰዎች ነገሩን ግልጽ አድርገውላት ነበር፤ ትምህርቱ በሚከፈትበት ቀን ያልተገኘ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ አልጋዋ ሥር ተቀምጧል። አባቷ ልቡን ተሠርቶ ሲወጣ ትሄዳለች፣ የሚበቃ ጊዜ አለ ብለን ነበር።

የሆስፒታሉን ቀን አጥብቄ አስታውሰዋለሁ። ልቡን ከተሠራበት ክፍል ተገፍቶ ሲወጣ ፊቱ ነጥቷል፣ አፉ ግን ከእንቅልፉ ቀድሞ ነቅቷል፤ አልጋውን ለሚገፋው ሰው ስለ ሌሎች አገሮች ሆስፒታል ይነግረዋል። አንዲት ወፍራም፣ ደስ የምትል ነርስ መጥታ የተወጋበትን ቦታ በፋሻ ጠበቅ አድርጋ አየችና የቀኝ እግሩን ጉልበት በእጇ መታ መታ አደረገች።

«ይህን እግር እኔ እስክነግርዎ ድረስ እንዳያጥፉት» አለችው። «ካጠፉት ይደማል።»

ወንድሜ በሕይወቱ የሰው ትእዛዝ ሰምቶ አያውቅም። ሚስቱን አልሰማም፣ እኔን አልሰማም፣ ሲጋራ ተው ያሉትን አልሰማም። ይህችን ግን ሰማት። እግሩ እንደ ሳንቃ ቀጥ አለ። ነርሷ ተራዋ አልቆ ሄደች። በማግሥቱ ጠዋት አንድ ወጣት ሐኪም መጥቶ የሚደረገውንና የማይደረገውን ሲዘረዝርለት፣ አምባሳደሩ የሆስፒታሉን አስተዳደር እንዴት ማሻሻል እንደሚቻል እየዘረዘረለት ነበር። ሁለቱም ዘረዘሩ፤ አንዳቸውም አልሰሙም። እኔ ኮሪደር ላይ ልብሱን በዘንቢል እየከተትኩ ነበር፣ ሚጣ ታክሲ ልትጠራ ወጥታለች። በታክሲው የኋላ ወንበር ላይ በሙሉ ተንጋለለ፤ እኔና ልጅቷ ከፊት አንድ ወንበር ላይ ተጣበን ቤት ገባን።

ቤት ስንደርስ የመጀመሪያ ቃሉ «የአባባን አልጋ አውጡልኝ» የሚል ነበር።

ከጓዳ ሲጎተት የወጣው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ብረቱ ዝጓል፣ አንዱ እግሩ ይነቃነቃል። ወንድሜ ፀጉር ቤት ሁለተኛውን ወንበር የሚይዝ ረዳት አለው፣ ዝምታው የምንለው፤ እሱ መጥቶ ብሎኑን አጥብቆ፣ ፍራሹን አንጥፎ፣ እንደ ስሙ ሳይናገር ሄደ። መስኮት ሥር ተዘረጋ። በመንገድ የሚያልፍ አንዱ እንዴት ነህ ሲለው ወንድሜ በረጅሙ ተነፈሰ። የሚቀጥለውን አውቀዋለሁና ወጥ ቤት ገባሁ።

ከዚያ ጠያቂው መጣ። መቼም የእኛ ሰፈር ሰው ሥራ የፈታ ነው። ሥጋ ሻጩ መጣ፣ ጡረተኛው አስተማሪ መጣ፣ የፊት ለፊቷ ልብስ ሰፊ መጣች። ሁሉም ደረቱን ማየት ፈለጉ። ደረቱ ላይ ምንም የለም። እሱም ፊቱን ኮስተር አድርጎ «በውስጥ ነው የተሠራው» ይላቸዋል፣ ከዚያ በእጁ ትራስ ላይ የተጋደመውን ቀጥ ያለ እግሩን ያሳያቸዋል። እግሩ የጠባሳውን ቦታ ተካው ማለት ነው። መጀመሪያ ሰሞን «እንዳታጥፍ ብለውኛል» ብቻ ነበር የሚለው። ሰንበትበት ሲል ከልብ ወደ ጉልበት የሚወርድ አንድ መስመር ተፈጠረ። ጡረተኛው አስተማሪ በዚህ ተስማማ፤ ተማሪ ካጣ ወዲህ የሚስማማበት ነገር ሲያገኝ ደስ ይለዋል። በጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ መስመሩን እየሣለ ለልብስ ሰፊዋ አስረዳት። ጉልበቱ ከታጠፈ መስመሩ ይሳባል፣ ከተሳበ ልቡ ይቆማል። ልብስ ሰፊዋ በእጇ አፏን ያዘች። ሥጋ ሻጩ እንኳ፣ በየቀኑ ልብና ጉልበት የሚቆራርጥ ሰው፣ ራሱን ነቀነቀ።

እኔስ? እኔም አመንኩ እንጂ። ጆሮዬ የነርሷን ቃል ሰምቷል፤ እስክነግርዎ ብላለች፣ አልነገረችውም። መስመሩን አላመንኩም፣ ግን እንዳይታጠፍ መባሉን አምኛለሁ። መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ያንን እግር እንደ ኮምፓስ እያዞረ፣ አንድ እጁን ሚጣ ትከሻ ላይ ጥሎ፣ ሌላውን ግድግዳ እያስያዘ ይሄዳል። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ትሸከመዋለች። እንቁላል ቀቅላ ታጎርሰዋለች፤ እግር እንጂ እጅ እንዳላመመው ለማንም ትዝ አላለውም።

ልቡም አልፎ አልፎ ይዘልል ነበር። ውሸት ነው አልልም። ሐኪሞቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ እንደሚያደርግ፣ የተቃጠለው ቦታ ሲሽር ልብ እንደሚቆጣ ነግረውን ነበር። ቀን እየራቀ ሲሄድ መዝለሉም እየራቀ ሄደ። ዶሮ የሚያህል ነገር ሲራገጥ ይሰማኝ የነበረው ደረት አሁን እንደ ግድግዳ ሰዓት ይሄዳል። አንድ ወሬ ሲነሣ ብቻ ይመለስበታል። ሚጣ «አባዬ፣ ትምህርቱ እኮ ሊከፈት ነው» ስትል እጁ ደረቱ ላይ ይወጣል። ዓይኑን ይጨፍናል። «ምንም አይደለም ልጄ፣ ሂጂ» ይላል፣ ያቺን ሂጂ የሚላትን ቃል ከጉድጓድ እንደሚያወጣት ሁሉ እያቃሰተ። ልጅቷ ውሃ ልታመጣለት ትሮጣለች። ወሬው በዚያው ይቀራል።

ሻንጣውን እመለከት ነበር። መጀመሪያ ብርድ ሆነና ሹራቧን ከውስጡ አወጣች። ከዚያ ፎጣዋን። ከዚያ አዲሱን ነጠላ ጫማዋን፣ አባቷን ስታጥብ እንዳትንሸራተት። ትመልሳለች ብዬ ጠበቅሁ። አልመለሰችም። አንድ ቀን ሳጸዳ አልጋዋ ሥር ገፋ ባደርገው ሻንጣው እንደ ባዶ ቆርቆሮ ተንሸራተተ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከገበያ ስመለስ፣ የፊት ክፍሉን በር ከፍቼ ያየሁት። ሚጣ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ለብ ያለ ውሃ የያዘ ሳህን አለ። የአባቷን ቀጥ ያለ እግር ጭኗ ላይ አስደግፋ የእግር ጥፍሩን ትቆርጣለች። እሱ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ለጡረተኛው አስተማሪ ስለ አንድ አገር ምርጫ ያወራል። መቀሱ ቀጭ ሲል ጥፍሩ ተፈናጥሮ ጉንጯን መታት። እሷ በእጅጌዋ ጠረግ አድርጋ ወደሚቀጥለው ጣት ሄደች።

የያዝኩትን ዘንቢል በሩ ላይ አስቀመጥኩና ወጥ ቤት ጠራኋት።

«መቼ ነው የምትሄጂው?» አልኳት።

«አክስቴ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ይቀበላሉ።»

«ማን አለ?»

«አባዬ።» መሬት መሬት አየች። «ደግሞ እንዲህ ሆኖ ጥዬው ብሄድና አንድ ነገር ቢሆን...»

«በሚቀጥለው ዓመት የሚባለውን ቦታ እኔ አውቀዋለሁ» አልኳት። «ኖሬበታለሁ።»

ሌላ ምን ልበላት? ለእሷ አባቷ ነው። ከእኔ ጋር ሽንኩርት ልጣ ስታበቃ ተመልሳ ቀሪዎቹን ጣቶች ጨረሰች።

የቁጥጥር ቀጠሮው የደረሰው ትምህርቱ ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ሚጣ ልሂድ አለች፤ አይ፣ አንቺ አንሶላውን እጠቢ፣ እኔ እወስደዋለሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ሐኪሞቹን ልጠይቃቸው የፈለግሁት ነገር ነበረኝ፤ ይህ እግር እስከ መቼ ነው የሚቆመው? እሷ ፊት ልጠይቅ አልፈለግሁም፤ ዕድሜ ልክ ቢሉ ብዬ ፈራሁ።

ኮሪደሩ ላይ ሲሄድ ማየት ነበረባችሁ። በእግሩ ወለሉን እየጠረገ፣ ባርኔጣውን አድርጎ፣ በአንድ እጁ እኔን ተደግፎ። እውነተኛ በሽተኞች ግድግዳ ተጠግተው መንገድ ለቀቁለት። አንዱ ሰው ክራንቹን ወደ ራሱ ሰበሰበ። ወንድሜ ራሱን ነቅንቆ አመሰገናቸው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ዓይኗ እንቅልፍ የናፈቀው። ገመድ ደረቱ ላይ ለጣጥፋ መሣሪያውን አስነሣች፣ የወጣውን አየች፣ በጆሮዋም አዳመጠች። ልቡ በጣም ጥሩ ነው አለች። እኔ አምላኬን አመሰገንኩ፤ እሱ ግን ፈተና የወደቀ ተማሪ መሰለ።

«ሥራ ጀምረዋል አይደል?» አለችው።

«በዚህ እግር?»

«እግርዎን ምን ሆኑ?»

አምባሳደሩ ተመቻችቶ ጀመረ። መስመሩን ከልቡ አስነሥቶ፣ በጎኑ አውርዶ፣ ጉልበቱ ላይ አሰረው። ሐኪሟ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች። በመጨረሻ ብሽሽቱን ልየው ብላ መጋረጃውን ሳበች። ምንም የለም፤ ቁስሉ ከደረቀ ቆይቷል፣ የበለዘውም ጠፍቷል። እስቲ ጉልበትዎን ይጠፉት አለችው። አይሆንም አለ። ማን ነው እንዳያጥፉት ያለዎት ብትለው፣ ነርሷ ናት አለ፣ ወፍራሟ። ሐኪሟ በሩን ከፍታ ጠራቻት።

ያችው ነርስ ገባች። ወንድሜ ሲያያት ቀና አለ፤ የሚጠብቀው ሰው እንደመጣለት።

«እኔ እስክነግርዎ አላልሽኝም?» አላት። «አልነገርሽኝማ።»

ነርሷ ቆም ብላ አሰበች። ከዚያ ቀስ ብሎ ገባት፤ ፊቷ ላይ ሲገባት አየሁት።

«አባቴ፣ እስከዚያን ቀን ማታ እኮ ነው» አለችው። «እስከ ዛሬ እኔን እየጠበቁ ነው?»

ሐኪሟ ወረቀት የምትፈልግ መስላ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይነቀነቅ ነበር። ነርሷ መጥታ አንድ እጇን ከጉልበቱ ሥር፣ ሌላውን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ አጠፈችው። ጉልበቱ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ጮኸ። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ የአልጋውን ጠርዝ ጨመደደ፤ ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ።

«ምንም አልተቀደደም?» አለ፣ ዓይኑን ሳይከፍት።

«ምን ይቀደዳል?» አለችው ነርሷ።

ያን ጊዜ ትንሽ አሳዘነኝ። ትንሽ ነው ያልኩት። ፍርሃቱ የውሸት እንዳልነበረ ከላቡ አወቅሁ። የትኛው ቀን ላይ ፈርቶ እንደተኛና የትኛው ቀን ላይ ተመችቶት እንደተኛ ግን ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። አባባም አያውቅም ነበር ይሆናል።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አገኘንና ተቀመጥን። ጉልበቱን እያሻሸ፣ እያጠፈ እየዘረጋ፣ ብዙ ጊዜ አልተናገረም። ለእሱ ይህ ከልብ ሕመም የባሰ ነው።

«እትዬ» አለኝ በመጨረሻ። «ይህ ነገር ፀጉር ቤት ከገባ እኔ ሞቻለሁ።»

ይህን ቃል ነበር የምጠብቀው። ፀጉር ቤት ውስጥ አንድ ወሬ ከገባ እንደማይወጣ እሱ ያውቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰውን ሲያስገባ ኖሯል። ሥጋ ሻጩ እግሩን ቀጥ አድርጎ በሩ ላይ ሲገባ፣ ጡረተኛው አስተማሪ «ልጠፈው ወይስ ነርሷን እንጠብቅ?» ሲል፣ ዝምታው እንኳ ሲስቅ ታየው። እኔም ታየኝ። ማየቱን ትንሽ አጣጣምኩት።

«አይገባም» አልኩት። «ሚጣ ቅዳሜ በአውቶቡስ ትሄዳለች፤ ይህም ነገር እዚችው አግዳሚ ላይ ይቀራል። እሷ ከቀረች ግን እኔ ነገ ጠዋት ፀጉሬን ልስተካከል እመጣለሁ።»

«አንቺ ፀጉር ቤት ረግጠሽ አታውቂ።»

«ለዚህ ስል እረግጣለሁ።»

እጁ ደረቱ ላይ ወጣ። ትኩር ብዬ አየሁት፤ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ማን ያስታምመኛል?» አለ።

«ምንህን? ልብህ ድኗል። እግርህ አልታመመም። የሚያስታምሙት ምን ቀረህ፣ ባርኔጣህን?»

«ሌሊት ሲዘልብኝስ? አጠገቤ ሰው ከሌለ...»

«እኔ ሰው አይደለሁም?»

ወለሉን አየ። «አንቺ ትስቂብኛለሽ» አለ። «እሷ አትስቅም።»

ያልጠበቅሁት መልስ ነበር፤ እሱም ሊናገረው ያሰበው አይመስለኝም። ልጅ ሳለ ሲወድቅ ብድግ የሚያደርገው ሳቄ ነበር፤ እናታችን እያባበለች ስታነሣው ያለቅሳል፣ እኔ ስስቅ ራሱ ይነሣል። ያን አስታወስኩ። አባባንም አስታወስኩ። በዚያ አልጋ ዙሪያ ስንኖር በእሱ ላይ አንድም ቀን የሳቀ ሰው አልነበረም። እናታችን ታለቅሳለች፣ ጎረቤት ከንፈሩን ይመጥጣል፣ እኔ ጥፍሩን እቆርጣለሁ። አንድ ሰው ደፍሮ ቢስቅበት ኖሮ ቢያንስ ለመቆጣት ይነሣ ነበር።

«እስቃለሁ» አልኩት። «አንተም ሰምተህ ትነሣለህ።»

ባርኔጣውን አስተካከለና ብድግ አለ። ጉልበቱ አንዴ ቋ አለ። ክራንች የያዘው ሰውዬ መንገድ ሊለቅለት ሲል ወንድሜ ቀልጠፍ ብሎ አለፈው፤ ሰውየው ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ አየው። ተአምር ያየ መስሎት ይሆናል።

ቤት ሲገባ ግን አምባሳደርነቱ ተመለሰ። ሚጣን ጠርቶ አስቀመጣት። ሐኪሟ መስመሩን አይታ፣ አስተካክላ፣ በገዛ እጇ እንደፈታችው ነገራት። እንዲያ ከሆነ ዘንድ እሱ ብዙ አስቦበት፣ የአክስቷንም ሐሳብ ሰምቶ፣ ቅዳሜ እንድትሄድ ወስኗል። ልጅቷ እኔን አየች። እኔ ድስቱን አማሰልኩ። ከዚያ አልጋዋ ሥር ገብታ ሻንጣውን ስትጎትት ሰማሁ፤ ሹራቡን፣ ፎጣውን፣ ነጠላ ጫማውን አንድ በአንድ ስትመልስ።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ አብሮን መጣ። አውቶቡሱ ሲነሣ መስኮቱን ተከትሎ ጥቂት ሮጠ። ሮጠ ነው የምላችሁ፣ ሁለቱንም ጉልበቱን እያጠፈ። ሲመለስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ እኔ ገና ሳልስቅ አወረደው። በዚያው ሳምንት ዝምታው መጥቶ የብረቱን አልጋ ፈታታው። ደንበኞቹ አዝነው ነበር ይባላል፤ ወንድሜ በታመመበት ጊዜ ሰው በሰላም ይላጭ ነበር፣ ዝምታው ቅንድብ አይነካም። አልጋው አሁን ከጓሮ ቆሞ የአደንጓሬ ሐረግ ወጥቶበታል፤ ልጅ ሆኜ ካየሁት ጊዜ አንሥቶ የመጀመሪያ ሥራው ነው።

ሌሊት ይዘልብኛል ያለው አንድ ጊዜ መጣ። ጠራኝ፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ የእጁን ምት ይዤ ጠበቅሁ፣ ጥቂት ተንጋግቶ ቆመ። አልሳቅሁም። ይህንም እንዳትነግሩት።

ለሰው እንደማልናገር ቃል ገብቼ ነበር፣ አልተናገርኩምም። መጻፍ ሌላ ነው። ደግሞ የወንድሜ ደንበኞች መጽሐፍ የሚገልጡ ሰዎች አይደሉም፤ ምሥጢሩ እዚህ ገጽ ላይ ከየትም ቦታ ይልቅ የተጠበቀ ነው።

ሚጣ የትምህርቷን የመጀመሪያ ዓመት ስትጨርስ ለዕረፍት መጣች፤ ያኔ በክር የለካችውን ቦታ እንደገና ለክታ ሄደች፣ ጥርሱን በሰው ላከችልኝ። ሁለት ናቸው፣ የፊቶቹ፤ ሳወራ አረፋ አይወጣኝም። ወንድሜ አንድ ቀን ፀጉር ቤት ድረስ አስጠርቶኝ ደንበኞቹ ፊት አፌን አስከፈተኝ። ሥጋ ሻጩ ተጠግቶ አየ፣ ጡረተኛው አስተማሪ መነጽሩን አድርጎ አየ።

«ቤተሰቡ በሙሉ ተቃውሞ ነበር» አላቸው ወንድሜ፣ ማበጠሪያውን አየር ላይ እያወዛወዘ። «ሴት ልጅ ብቻዋን እንዴት ሌላ ከተማ ትሄዳለች ብለው። እኔ ነኝ ትሂድ ያልኩት፤ ከሞት አፍ ወጥቼ፣ በዚያ እግር፣ በአልጋዬ ላይ ሆኜ።»

ጉልበቱን ብቻ አየሁና በልጁ ጥርስ ፈገግ አልኩለት። እሱም አየኝ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ወደ ሁለቱ የተኳረፉ አገሮች ተመለሰ።